የ5ኤል ናፍጣ ሞተር ታይሚንግ ቺንጋ፦ ታሪኩ ያልታወቀ መኪና ሲገዛ መቼ ይቀየር?

ጥያቄ — ባለ ሃይሉክስ፣ ጎንደር

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጎንደር ሲሆን ሰሞኑን ያገለገለ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ገዝቻለሁ። ሞተሩ ቱርቦ የሌለው 5ኤል ናፍጣ ነው። መኪናው ከእኔ በፊት በብዙ ሰው እጅ ስላለፈ የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፤ የሸጠልኝም ሰው «ሳይቀየር አልቀረም» ከማለት ያለፈ መልስ የለውም። ቆጣሪው ከ180,000 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ነገር ግን የፍሬን ፔዳሉ ጎማ እስከ ብረቱ ድረስ አልቆ፣ የሹፌሩ መቀመጫም ተቦጫጭቆ ስላየሁ ቁጥሩን ለማመን ተቸግሬአለሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የ«ቲ-ቤልት» መብራት ደግሞ መኪናው እኔ እጅ ከገባ ወዲህ በርታ አታውቅም።

ሁለት ጋራዥ ጠይቄ ሁለት የተለያየ መልስ አገኘሁ። አንደኛው «የሞተሩ ድምፅ ጥሩ ነው፤ ሲያስቸግር ይቀየራል፤ ደህናውን አትነካካው» አለኝ። ሌላው ደግሞ ቺንጋውን ብቻ ቀይሮ የመወጠሪያውን ፑሌጃ እንደነበረ መልሶ እንደሚገጥመው ነገረኝ። መኪናው በአብዛኛው የሚሠራው ከጎንደር ደባርቅ ሲሆን አልፎ አልፎ ሊማሊሞን ወርዶ እስከ አዲ አርቃይ ይደርሳል፤ በአዝመራ ወቅት ደግሞ ወደ መተማ ጭነት ይዞ ይወርዳል።

እንግዲህ ጥያቄዬ እንዲህ ነው፦ ታሪኩ ሳይታወቅ እንዲሁ ብነዳው ምን ያህል ያሰጋል? ከተቀየረስ አብሮ መቀየር ያለበት ምንድን ነው? እኔ መካኒክ ስላልሆንኩ፣ አጠገቡ ቆሜ ሥራው በትክክል መሠራቱን በምን ማረጋገጥ እችላለሁ? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ — የአዘዞ መካኒክ

ወንድሜ፣ እንኳን ለመኪና አበቃዎት። የመጀመሪያውን ጥያቄ በአጭሩ ልመልስ፦ ወደ ሊማሊሞም ሆነ ወደ መተማ ከመውረድዎ በፊት ያስቀይሩት።

«ሲያስቸግር ይቀየራል» የሚለው ምክር ለዲናሞ ቺንጋ ይሠራል። የዲናሞ ቺንጋ ሲላላ ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ይጮኻል፣ ባለቤቱም ሰምቶ ይደርስበታል። የታይሚንግ ቺንጋ ግን ጥርስ ያለው በመሆኑ አይንሸራተትም፤ የሚያልቀውም ጥርሱ ከሥሩ እየተሰነጠቀ ወይም በጎማው ውስጥ ያለው ክር እየተበጣጠሰ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሞተሩ እንደ ወትሮው ይነሣል፣ እንደ ወትሮው ይጎትታል። የድምፁ ማማር ስለ ቺንጋው የሚነግረን ነገር የለም።

በ2ኤል፣ በ3ኤልና በ5ኤል ሞተሮች ላይ ይኸው አንድ ቺንጋ ከክራንኩ (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ተነሥቶ ካምሻፍቱንም (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የናፍጣ ፓምፑንም ያዞራል። እነዚህ ሞተሮች አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ ስለሚያምቁት ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ በእርሱና በቴስታታው (ቫልቮቹ ባሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) መካከል የሚቀረው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። ቺንጋው በተበጠሰባት ቅጽበት ካምሻፍቱ ሲቆም የተወሰኑት ቫልቮች ተከፍተው ይቀራሉ፤ ክራንኩ ግን በመኪናው ግፊት መዞሩን ስለማያቆም ፒስተኑ መጥቶ ይመታቸዋል። ቫልቭ ይጣመማል፤ ሲብስም የፒስተኑ ራስ ይጎዳል፣ የቫልቩ መሪ ይሰነጠቃል። ቴስታታ ወርዶ የሚሠራ ሥራ ከአንድ ቺንጋና ከአንድ ፑሌጃ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ የሚሠሩበት መንገድ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ የናፍጣ ፓምፑም ስለሚቆም ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። የፍሬኑን ጉልበት የሚያግዘው የቫኪዩም ፓምፕ በዲናሞው ጀርባ ላይ የተገጠመ ስለሆነ ሞተሩ ሲቆም አብሮ ይቆማል፤ ፔዳሉ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ መሪውም ይከብዳል። ይህ አዘዞ አደባባይ ላይ ቢደርስ ገፍቶ ዳር ማስያዝ ነው፤ ጭነት ተይዞ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ቢደርስ ግን ሌላ ነገር ነው። እንደዚያ ቢያጋጥምዎ መኪናውን በእጅ ፍሬንና በድንጋይ ካስያዙ በኋላ «እስቲ ደግሜ ላስነሣው» ብለው ስታርተር አይምቱ፤ በግፊትም ለማስነሣት አይሞክሩ። ያልተጣመመ ቫልቭ ቀርቶ ከሆነ የሚጣመመው ያኔ ነው።

ስለ መብራቷ፦ ቶዮታ ለእነዚህ ሞተሮች ያስቀመጠው መቀየሪያ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሆን መብራቷም የምትበራው ቆጣሪው ያንን ሲሞላ ነው። የቺንጋውን ጤንነት የምትለካበት መንገድ የላትም። ቆጣሪው ተመልሶ ከሆነ፣ ዳሽቦርዱ ከሌላ መኪና መጥቶ ከሆነ፣ ወይም አንድ ሰው ቺንጋውን ሳይቀይር መብራቷን ብቻ አጥፍቶ ከሆነ የእርሷ ዝምታ ትርጉም የለውም። አንድ ነገር ግን ይመልከቱ፦ ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ብቻ ሲከፍቱ ከዘይትና ከባትሪ መብራቶቹ ጋር አብራ መብራት አለባት። ያኔም ካልበራች አምፖሏ ተቃጥሏል ወይም ተነቅሏል ማለት ነው።

አብሮ ስለሚቀየረው፣ የመወጠሪያውን ፑሌጃ እንዳለ እመልሳለሁ ላሉት መካኒክ አይስማሙ። ፑሌጃው ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ከቺንጋው ጋር እኩል ኪሎ ሜትር ሮጧል። ወርዶ በእጅ ሲሽከረከር ያለ ምንም መንጓጓት ጥቂት ዞሮ በዝግታ መቆም ይኖርበታል፤ ደረቅ አሸዋ እንደሚፈጭ ድምፅ ካሰማ፣ ወይም ቅባቱ ደርቆ ከልክ በላይ ከፈጠነ፣ ወይም ወደ ጎን ሲወዘወዝ ከተንቀሳቀሰ አብቅቶለታል። እኔ ግን ታሪኩ ባልታወቀ መኪና ላይ ደህና ቢመስልም እቀይረዋለሁ፤ ኩሽኔታው ሲነክስ አዲሱን ቺንጋ ይዞት ነውና የሚሄደው። መወጠሪያውን የሚገፋው ሞላም ይታይ፤ ረጅም ጊዜ ተወጥሮ የኖረ ሞላ ይሳባል፣ የተሳበ ሞላም ቺንጋውን በበቂ አይወጥርም።

ከዚያ የሚቀጥሉት ኦይል ሲሎቹ፣ ማለትም በዘንጎቹ ዙሪያ ዘይትና ናፍጣ እንዳያፈስ የሚያሽጉት ጎማዎች ናቸው። የክራንኩ የፊት ሲል፣ የካምሻፍቱ ሲልና የናፍጣ ፓምፑ ዘንግ ሲል ሁሉም ከቺንጋው አጠገብ ናቸው። ከአንዳቸው ጥቂት ዘይት ወይም ናፍጣ ቢያፈስ አዲሱን ቺንጋ ሳይውል ሳያድር ያበሰብሰዋል፣ ያብጣል፣ ጥርሱም ይለቃል። ሽፋኑ ሲከፈት ውስጡ በዘይት ጭቃ ተለብጦ ካገኛችሁት ቺንጋ ከመግጠም በፊት ምንጩ ይፈለግ። የውሃ ፓምፑ ግን በእነዚህ ሞተሮች ላይ የሚዞረው በውጭ ቺንጋ ስለሆነ፣ ማፍሰስ ወይም መወዝወዝ ካላሳየ በስተቀር የግድ አብሮ አይቀየርም።

አሁን አጠገቡ ቆመው ምን እንደሚያዩ ልንገርዎ። አሮጌው ቺንጋ ከመውረዱ በፊት ክራንኩ፣ ካምሻፍቱና ናፍጣ ፓምፑ ላይ ያሉት የፋብሪካ ምልክቶች ሦስቱም ከየትይዩዎቻቸው ጋር መግጠም አለባቸው። ካምሻፍቱም ፓምፑም ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ስለሚዞሩ፣ የክራንኩ ምልክት ገጥሞ የካምሻፍቱ ምልክት በተቃራኒው በኩል ሊገኝ ይችላል፤ ያኔ ክራንኩ አንድ ሙሉ ዙር ተጨምሮ መዞር ነው። አንዳንድ መካኒኮች አሮጌውን ቺንጋና ፑሌጃዎቹን በነጭ ቀለም ምልክት አድርገው አዲሱን በዚያ ልክ ይገጥማሉ። ለመርዳት ያህል አይከፋም፤ ነገር ግን ከዚህ በፊት የገጠመው ሰው አንድ ጥርስ አሳስቶ ከነበረ ስሕተቱ ተቀድቶ ይቀጥላል። መመሪያው የፋብሪካው ምልክት ብቻ ይሁን።

ቺንጋው ሲወጣ የፓምፑ ፑሌጃ በራሱ ጊዜ ቅስስ ብሎ ከምልክቱ ፈንጠር ይላል፤ ካምሻፍቱም በቫልቭ ሞላዎች ግፊት እንደዚሁ ያደርጋል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ አዲሱ ቺንጋ ሲገባ ግን ወደ ምልክቱ ተመልሶ መያዝ አለበት። ብዙውን ጊዜ የአንድ ጥርስ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ሰው ፑሌጃውን በቁልፍ ይዞ ሌላው ቺንጋውን ቢያስገባ ይመረጣል። ቺንጋው ላይ ያለው ቀስት ሞተሩ ወደሚዞርበት ይሁን። ቺንጋውን አጥፎ፣ ጠምዝዞ ወይም ገልብጦ መያዝ የውስጡን ክር ስለሚሰብር ይህን ሲያደርጉ ካዩ ዝም አይበሉ። በናፍጣ ማጠብማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

ውጥረቱን የሚሰጠው ሞላው ነው። የመወጠሪያው ብሎን ላልቶ ሞላው ፑሌጃውን በራሱ ጉልበት እንዲገፋ ይደረጋል፤ ከዚያ ክራንኩ በእጅ በቁልፍ፣ ከፊት ለፊት ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ምልክቶቹ ሁሉ ተመልሰው መግጠማቸው ከታየ በኋላ ብሎኑ ይጠበቃል። መካኒኩ ካቻቢቴ አስገብቶ ፑሌጃውን እየፈነቀለ ቢወጥረው ቺንጋው ከልክ በላይ ይጠብቃል፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ቺንጋ ደግሞ ያፏጫል፣ ኩሽኔታውንም ይበላዋል። በእጅ ሁለት ዙር ሳይዞር ስታርተር እንዲመታ አይፍቀዱ። በእጅ ሲዞር ጠንካራ ነገር ቢያጋጥም ቆሞ ማየት ይቻላል፤ ስታርተር ግን አይቶ አያቆምም።

የክራንኩ ትልቅ ብሎን ደግሞ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ይጠበቅ። ላልቶ ከቀረ ፑሌጃውን ከክራንኩ ጋር የሚያቆራኘው ትንሽ ብረት መጫወቻ እያገኘ የክራንኩን አፍንጫ ይበላዋል፤ እርሱን ማስተካከል ከቺንጋው የሚብስ ጣጣ ነው። የታችኛውና የላይኛው ሽፋን ከነጎማቸውና ከነብሎኖቻቸው ይመለሱ። ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚወስዱ የጠጠር መንገዶች የሚሠሩ መኪኖች ላይ የሽፋኑ ጎማ ተጥሎ፣ ብሎኑም ከግማሽ በላይ ጠፍቶ፣ ውስጡ በአቧራ ተሞልቶ አያለሁ።

መልስ — የቀድሞ ሹፌር

መካኒኩ የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ግን አንድ ነገር ላክል። ለረጅም ዘመን ዶልፊን ስነዳ ቺንጋው ከተባለው ኪሎ ሜትር አልፎ በሰላም የሠራበትን ጊዜ አይቻለሁ። በአንጻሩ ደግሞ ደህና ሞተር ተከፍቶ፣ ብሎን ተሰብሮበት፣ የማይረባ መለዋወጫ ተገጥሞበት ከበፊቱ ብሶ ሲወጣም አይቻለሁ። ስለዚህ ልጄ፣ በመጀመሪያ የላይኛውን ሽፋን አስከፍተህ ቺንጋውን እይ። ጀርባው ካልተሰነጣጠቀ፣ ዘይት ካልነካው፣ ዳሩም ካልተበጣጠሰ፣ ትክክለኛውን መለዋወጫ እስክታገኝ ድረስ ሳትጣደፍ ብትቆይ ምን ይጎዳል? ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እስኪመጣልህ በችኮላ ያገኘኸውን ከምትገጥም መታገሥ ይሻላል ባይ ነኝ።

መልስ — የአዘዞ መካኒክ

ጋሼ፣ ስለ መለዋወጫው ያሉትን እቀበላለሁ። ሽፋን ከፍቶ ማየት ግን ግማሽ ፍርድ ነው። የተሰነጠቀ ወይም በዘይት የራሰ ቺንጋ ከታየ መቀየር እንዳለበት እርግጠኛ እንሆናለን፤ ደህና የሚመስል ከታየ ግን ምንም አልተረጋገጠም። ከላይ የሚታየን ጀርባው ነው፤ ስንጥቁ የሚጀምረው በጥርሱ ሥር ሲሆን የመወጠሪያው ኩሽኔታም ከታች ሽፋን ውስጥ ነው። ጎማ ደግሞ በኪሎ ሜትር ብቻ አያረጅም፤ ለዓመታት ቆሞ የኖረ መኪና ቺንጋም ይደርቃል። መለዋወጫው እስኪመጣ መጠበቅ ካስፈለገ መኪናው ከተማ ውስጥ ይሥራ እንጂ ሊማሊሞን አይውረድ።

መለዋወጫውን ሲገዙ አሮጌውን ቺንጋ ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ ስፋቱ፣ የጥርሱ ቅርጽና ብዛቱ አንድ በአንድ መመሳሰል አለበት። በኤል ሞተሮች መካከል መመሳሰል ስላለ «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የሚሸጥ ያጋጥማል፤ ቆጥሮ ማረጋገጥ የገዢው ፈንታ ነው። በቺንጋው ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ በጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ፣ ወይም ጎማው እንደ ደረቀ ቆዳ ገርሮ ከተገኘ ይተዉት።

መልስ — ባለ ላንድክሩዘር

ሌሎች አንባቢዎች እንዳይሳሳቱ ያህል፣ ከላይ የተነገረው አሠራር የኤል ሞተሮች ነው። በላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ላይ የናፍጣ ፓምፑ ከክራንኩ ጋር የተያያዘው በማርሽ ሲሆን ቺንጋው አጭርና ከፓምፑ መስመር ካምሻፍቱን ብቻ የሚያዞር ነው፤ ስለዚህ የክራንኩን ፑሌጃ ማውለቅ አያስፈልግም፣ ሥራውም በጣም ይቀላል። ቢበጠስ ግን ቫልቮቹን ከመምታት አይመለስም። በፓጄሮና በኤል200 ላይ የሚገኘው የሚትሱቢሺ 4ዲ56 ደግሞ ከትልቁ ሌላ ሚዛን የሚጠብቁትን ዘንጎች የሚያዞር ትንሽ ቺንጋ አለው፤ ትንሹ ተበጥሶ ትልቁ ውስጥ ስለሚገባ ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡት የቶዮታ ጂዲ ሞተሮች ሰንሰለት ስለሆኑ፣ የአይሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪኖች ደግሞ ማርሽ ስለሆኑ ይህ ጉዳይ አይመለከታቸውም።

ባለ ሃይሉክስ፣ ጎንደር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቁልፉን ብቻ ከፍቼ አየሁ፤ መብራቷ ጨርሶ አትበራም። ስለዚህ ቺንጋውን፣ ፑሌጃውን፣ ሞላውንና ሦስቱን ሲሎች ላስቀይር ወስኛለሁ፤ እስከዚያው ከከተማ አላወጣውም። አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል። መኪናው ወደ ደባርቅ ዳገት ሲወጣ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ቺንጋው ከተቀየረ በኋላ አንድ ጥርስ ተሳስቶ ቢሆን ጭሱን አይቼ ልለየው እችላለሁ?

መልስ — የአዘዞ መካኒክ

ጥቁሩ ጭስ ብቻውን አይለይልዎትም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ናት፤ ደባርቅ ደግሞ ከዚያም ትልቃለች። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ፣ ፓምፑ ቆላ ላይ የሚሰጠውን ያህል ናፍጣ ከሰጠ የተወሰነው ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ወደ መተማ ሲወርዱ ያው መኪና ጭሱ ቢቀንስ ምክንያቱ ይህ ነው። የአየር ማጣሪያው ከቆሸሸ ደግሞ ይብሳል፤ ርካሹ ምርመራ እርሱ ስለሆነ ከእርሱ ይጀምሩ።

ስለዚህ ከመቀየሩ በፊት መኪናው ጠዋት በብርድ እንዴት እንደሚነሣና ምን ዓይነት ጭስ እንደሚያወጣ በደንብ ያስተውሉ፤ ማነጻጸሪያዎ እርሱ ነው። ከተቀየረ በኋላ ጠዋት ለመነሣት ካስቸገረ፣ ከተነሣም በኋላ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ካወጣና ጉልበቱ ከቀነሰ፣ ናፍጣው ዘግይቶ እየገባ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ከበፊቱ የጠነከረ የብረት ኳኳታ ከመጣ ቀድሞ እየገባ ነው ብለው ይጠርጥሩ። የካምሻፍቱ ጥርስ ተሳስቶ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሹም ይዛባል፤ ቫልቭ የመንካት አደጋም ስላለ ወዲያው መጥፋት አለበት።

ከእነዚህ አንዱን ካዩ መካኒኩ የፓምፑን ማሠሪያ ብሎኖች አላልቶ ፓምፑን በማዞር «ማስተካከል» እንዳይጀምር ይከልክሉት። ፓምፑ በማሠሪያው ላይ ጥቂት ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መዞር የሚችለው ለጥቃቅን ማስተካከያ ነው፤ ትክክለኛ ቦታውም የሚታወቀው ከፓምፑ ጀርባ ባለው ቀዳዳ በሚገባ መለኪያ ሲሆን፣ በፓምፑና በሞተሩ አካል ላይ የተሰመረው መስመርም ለመነሻ ይረዳል። የጥርስን ስሕተት ፓምፑን በማዞር መሸፈን ጭሱን ሊቀንሰው ይችል ይሆናል፤ ስሕተቱ ግን እንዳለ ይቀራል፣ ቀጥሎ የሚመጣውም መካኒክ መነሻ ምልክት ያጣል። በመጀመሪያ የላይኛው ሽፋን ተከፍቶ፣ ክራንኩ ምልክቱ ላይ ቆሞ፣ የካምሻፍቱና የፓምፑ ፑሌጃ የት እንዳሉ በዓይንዎ ይዩ። ምልክቶቹ ልክ ከሆኑ ብቻ የፓምፑ ብሎን ይነካ። ሥራው ሲያልቅም ቀኑንና የቆጣሪውን ቁጥር በማይለቅ ቀለም ሽፋኑ ላይ ያስጽፉ፤ የተቃጠለችውንም የመብራቷን አምፖል በዚያው ያስተኩ።